ሸጎሌና የካ የሚጋሩት ስሌት

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ሸጎሌ ላይ የከተማ አውቶቡስ ዴፖ አለ፤ የካም የራሱ አለው። ከተማው አንድ ዴፖ ብቻ ቢኖረው፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው ጉዞ ቀጥሎ የትኛውን እንደሚሸፍን አንድ ኮምፒውተር ቶሎ ያሰላዋል። ሁለተኛ ዴፖ ሲጨመር ግን ስምሪቱ ይወሳሰባል፦ ጉዞውን ከሁለቱም የወጣ አውቶቡስ ሊሸፍነው ይችላል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ወደ ወጣበት መግባት አለበት። ከሁለት ዴፖ ጀምሮ ይህ ጥያቄ ፈጣን መፍቻ ካልተገኘላቸው ከባድ ስሌቶች ተርታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 ታይቷል።

መላው ስሌቱን ማከፋፈል ነው። ጆርጅ ዳንትዚግና ፊሊፕ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ዘዴ፣ የየዴፖው ኮምፒውተር የራሱን ዕቅድ ብቻ ያወጣል። አስተባባሪው ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ጉዞ፣ የሚሸፍነው ዴፖ የሚታሰብለትን ዋጋ ይተምናል፦ ሁለቱም የተሻሙበት ጉዞ ዋጋው ይወርዳል፣ ማንም ያልፈለገው ይጨመርለታል። ዴፖዎቹ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ያቅዳሉ፤ ወጪ የሚቀንስ አዲስ ዕቅድ እስኪጠፋ ድረስ ይመላለሳሉ። የሸጎሌ ኮምፒውተር ስለ የካ ጋራዥ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

ጉድለትም አለው። ውጤቱ አንዳንዴ አንዱን ጉዞ ለሁለት ዴፖ እኩል ያካፍላል፤ ግማሽ አውቶቡስ ስለማይሰማራ ተጨማሪ ፍለጋ የግድ ይሆናል። ሁሉም ዙር በሚዘገየው ኮምፒውተር ፍጥነት ልክ ነው የሚያልቀው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች መረብም በዚሁ መንገድ ሊሰላ ይችላል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 1 የሚለቀው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ የ420 ሜጋ ዋቱን ጊቤ 2 ያንቀሳቅሳል። ጊቤ 2 የራሱ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ስለሌለው፣ ላይኛው ግድብ ዛሬ የቆጠበው ውኃ የታችኛውንም ኃይል ይቀንሳል። ጊቤ 1 ለብቻው አትራፊ የሆነውን ቢመርጥ አገሪቱ ትከስራለች። ስለዚህ ስሌቱ ለሁለት ሲከፈል በመካከላቸው የሚተላለፈው በየሰዓቱ የሚለቀቀው የውኃ መጠንና ዋጋው ነው።

ኮምፒውተር ማብዛቱ ብቻውን አያዋጣም። መረቡ መከፈል ያለበት ክፍሎቹን የሚያገናኙት ነገሮች ጥቂት በሆኑበት ቦታ ነው፤ ግንኙነቱ በበዛበት ከተቆረጠ ኮምፒውተሮቹ ከማስላት ይልቅ መልእክት ሲለዋወጡ ይውላሉ። ያን ቦታ ለይቶ የሚያሳይ ደግሞ መስመሩን የሚያውቅ የስምሪት ሠራተኛ፣ ውኃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ነው።