የመንግሥት ቃል በጎረቤት አንደበት፦ የአሜሪካ የጦርነት ጊዜ ፕሮፓጋንዳ ከ1917 እስከ 1919

ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በኖቬምበር 1916 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሁለተኛ ጊዜ ሲመረጡ፣ ደጋፊዎቻቸው የቀሰቀሱላቸው አገሪቱን ከአውሮፓው ጦርነት ውጪ ማቆየታቸውን እየጠቀሱ ነበር። ከአምስት ወራት በኋላ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1917፣ አሜሪካ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ስለዚህም መንግሥት ለጦርነት ካልተዘጋጀ ሕዝብ ወታደርና ገንዘብ ማሰባሰብ ግድ ሆነበት። ይህ ጽሑፍ ድጋፉ በምን ዘዴ እንደ ተገኘና ዘዴው ምን እንዳስከፈለ ያብራራል።

ጦርነቱ በታወጀ በሳምንቱ ዊልሰን የሕዝብ መረጃ ኮሚቴን አቋቁመው ጋዜጠኛውን ጆርጅ ክሪልን በኃላፊነት ሾሙ። ኮሚቴው ለጋዜጦች ዜና ያሰራጭ፣ ፖስተርና ፊልም ያዘጋጅ ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ የተለየው ግን «የአራት ደቂቃ ሰዎች» የተሰኘው ክፍል ነው። 75,000 ገደማ በጎ ፈቃደኞች በየሲኒማ ቤቱ የፊልሙ ጥቅል እስኪቀየር ባለው አጭር ጊዜ ተነሥተው ስለ ውትድርና ምዝገባ፣ ስለ ጦርነት ቦንድ ግዥ ወይም ስለ ምግብ ቁጠባ ይናገሩ ነበር።

የዘዴው ኃይል የመነጨው ከተናጋሪው ማንነት ነው። ርእሰ ጉዳዩንና የንግግሩን ናሙና የሚያዘጋጀው ማዕከላዊው ኮሚቴ ሲሆን፣ የሚናገረው ግን አድማጩ የሚያውቀው የአካባቢው ጠበቃ ወይም ነጋዴ ነበር። ከባለሥልጣን ቢመጣ ሊጠረጠር የሚችል ቃል ከጎረቤት ሲመጣ እንደ ምክር ይሰማል፤ ቦንድ አለመግዛትም የመንግሥትን ፖሊሲ ከመቃወም አልፎ በሰፈር ሰው ፊት የሚያሳፍር ተግባር ይሆናል።

ይሁንና ማሳመኑ ብቻውን አልተተወም። የ1917ቱ የስለላ ሕግና በ1918 የወጣው ማሻሻያው ጦርነቱን የሚቃወም ንግግርን በወንጀል የሚያስጠይቅ አደረጉት፤ የሶሻሊስቱ መሪ ዩጂን ዴብስ በአንድ ንግግራቸው ምክንያት የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በጀርመን መንግሥት ላይ የተቀሰቀሰው ጥላቻም ወደ ጀርመን ተወላጆች ተሸጋገረ። በኤፕሪል 1918 በኢሊኖይ ግዛት፣ በኮሊንስቪል ከተማ፣ ሮበርት ፕሬገር የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ በተሰበሰበ ሕዝብ ተሰቅሎ ተገደለ። ጎረቤትን አሳማኝ ያደረገው ቅርበት ጎረቤትን ተጠርጣሪም አደረገው።

ኮሚቴው በ1919 ፈረሰ፤ መዘዙ ግን ቀጠለ። የጀርመን ጦር በቤልጂየም ሲቪሎችን መግደሉ እውነት ነበር። ነገር ግን በብሪታኒያና በአሜሪካ ከተሰራጩት የግፍ ታሪኮች ከፊሎቹ የተጋነኑ ወይም የተፈጠሩ መሆናቸው ከጦርነቱ በኋላ ሲገለጥ፣ ጥርጣሬው እውነተኞቹንም ጨምሮ ወሰደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአይሁዳውያን እልቂት ዜና ሲሰማ ብዙዎች ለማመን የዘገዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ትዝታ ነበር።

እንግዲህ የጦርነት ጊዜ ፕሮፓጋንዳን ውጤት ለመመዘን በተመዘገበው ወታደርና በተሸጠው ቦንድ ብቻ መወሰን አይበቃም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሕዝቡ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው የማመን አቅም ቀርቶለት እንደ ሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።