ደሞዙን በሩዝ የሚቀበለው ሳሙራይ

ሳሙራይ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ጎራዴና ጦር ሜዳ፣ አይደል? እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ግን በ1700ዎቹ ኤዶ ከተማ (የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ነው) የሾጉኑን ሳሙራይ አግኝታችሁ “ምን ያስጨንቅሃል?” ብትሉት፣ ምናልባት “የሩዝ ዋጋ!” ይላችሁ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሾጉን በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን የሚገዛ የጦር አለቃ ነው። ከ1603 ጀምሮ ከ260 ዓመት በላይ ሥልጣኑ በቶኩጋዋ ቤተሰብ እጅ ቆየ። የሾጉኑ የቅርብ አገልጋዮች ሁለት ዓይነት ነበሩ። 5,000 ገደማ የሚሆኑት ሃታሞቶ ሾጉኑ ፊት መቅረብ ይፈቀድላቸዋል። ከእነሱ በታች ያሉት 17,000 ገደማ ጎኬኒን ግን አይፈቀድላቸውም።

ሥራቸውስ? ጦርነት የለም እኮ! የቤተ መንግሥቱን በር መጠበቅ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ከተማ ማስተዳደር ነው። እሱም ለሁሉም አይዳረስም። ሥራ ያጣው ደሞዙ ባይቋረጥም ለሾጉኑ መዋጮ ይከፍል ነበር።

አሁን ወደ ደሞዙ እንምጣ። የሚለካው በኮኩ ነው፤ አንድ ኮኩ አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ሩዝ፣ ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ተብሎ የተሰላ። ብዙዎቹ በዓመት ሦስት ጊዜ አሳኩሳ ከሚገኘው የሾጉኑ ጎተራ ይከፈላቸዋል። ጫማና ዘይት ግን በሩዝ አይገዛም። ስለዚህ ፉዳሳሺ የሚባሉ ደላሎች ሩዙን ተቀብለው ይሸጡላቸዋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ደሞዙ ለቅድመ አያቱ የተወሰነው ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል እንጂ ኑሮ ተወደደ ተብሎ አይጨመርም። የሩዝ እርሻ ሲስፋፋ ደግሞ የሩዝ ዋጋ ከሌላው ዕቃ አንጻር ወረደ። ገቢው ባለበት ቆሞ ወጪው የሚያድግ ሲስተም መጨረሻው ይታወቃል፤ ለዚህ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ሳሙራዩ ገና ያልደረሰውን ሩዝ አስይዞ ከዛው ደላላ ይበደራል። በ1789 መንግሥት የቆዩትን ዕዳዎች በሕግ ሰረዘ። ጎበዝ፣ አይደል? ደላሎቹ ግን ማበደር አቆሙ፤ ሳሙራዩም ተመልሶ ጭንቅ ውስጥ ገባ።

ያኔ እጅ ሥራ ፈታ። አንዳንዱ ጃንጥላ ሠራ፣ አንዳንዱ አበባ አሳድጎ ሸጠ። 41 ኮኩ የሚከፈለው ካትሱ ኮኪቺ የሚባል ሃታሞቶ ዕድሜ ልኩን ሹመት ሳያገኝ ጎራዴ እየነገደ ኖረ። በ1843 የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዘሮቹ እንደሱ እንዳይሆኑ ለመምከር ነው። ልጁ ካትሱ ካይሹ ግን ትልቅ ባለሥልጣን ሆነ። በ1868 የኤዶ ቤተ መንግሥት ያለ ውጊያ እንዲረከብ የተደራደረው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ አገልጋዮች የቶኩጋዋን ቤተሰብ ተከትለው ወደ ሺዙኦካ ወረዱ። የተወሰኑት ማኪኖሃራ የሚባል ጠፍ መሬት መንጥረው ሻይ ተከሉበት። ቦታው ዛሬም በሻይ እርሻው የታወቀ ነው።