የደርሃም ካቴድራልና ግንብ

በሰሜን እንግሊዝ፣ የዊር ወንዝ በሦስት ወገን በከበበው ገደላማ ኮረብታ አናት ላይ አንድ ካቴድራልና አንድ ግንብ ፊት ለፊት ቆመዋል። የሚለያቸው ሣር የለበሰ ሜዳ ብቻ ነው። ሁለቱም የኖርማኖች ሥራ ናቸው፤ ለዘመናትም አዛዣቸው አንድ ሰው ነበር፦ የደርሃም ጳጳስ።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ሲይዙ ሰሜኑ በቀላሉ አልገበረላቸውም። መሪያቸው ድል አድራጊው ዊልያም በ1072 ግንቡን ያሠራው ለዚህ ነው። ለንደን ሩቅ፣ የስኮትላንድ ድንበር ቅርብ ስለነበር ጳጳሱ የንጉሥ ያህል ሥልጣን ያዘ፤ ጦር ያዘምታል፣ ይዳኛል፣ ግብር ያስገብራል፣ ሳንቲም በስሙ ያስመታል። የዚህ ሥልጣን ርዝራዥ የተሻረው በ1836 ነው።

ካቴድራሉ በ1093 ተጀምሮ በ40 ዓመት ገደማ ተፈጸመ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመልከት። በዚያ ዘመን የብዙ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ እሳት የሚፈራ እንጨት ነበር። የደርሃም ግንበኞች ግን መጀመሪያ የሚጠላለፉ የድንጋይ ቅስቶችን ዘረጉ፤ ከዚያ ክፍተቱን በድንጋይ ሞሉት። ክብደቱ በቅስቶቹ በኩል ወደ ዓምዶቹ ይወርዳል። ጫፋቸው የሾለው ቅስቶችም በኋላ አውሮፓን ላዳረሰው የጎቲክ አሠራር መንገድ ጠራጊ ሆኑ። ግዙፎቹ ዓምዶች ደግሞ በዚግዛግና በጠመዝማዛ መስመር ተፈልፍለው አጊጠዋል።

በምሥራቅ በኩል በ687 ያረፈው የቅዱስ ከዝበርት መቃብር አለ። የሊንዲስፋርን ደሴት መነኮሳት ቫይኪንጎችን ሸሽተው አጽሙን ተሸክመው ከተንከራተቱ በኋላ፣ ተከታዮቻቸው በ995 እዚህ አሳረፉት። በምዕራብ በኩል የእንግሊዝን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የጻፈው ቅዱስ ቢድ ተቀብሯል። በመግቢያው በር ላይ የተንጠለጠለው የነሐስ ማንኳኪያ ቅጂ ነው፤ ዋናው በካቴድራሉ ሙዚየም ይገኛል። ጥንት ወንጀል ሠርቶ የሸሸ ሰው በሩን አንኳኩቶ እዚህ ከተማጸነ ለ37 ቀን አይነካም ነበር።

ግንቡ ዛሬ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኖሪያ ነው፤ በጳጳሳቱ የግብር አዳራሽ ተማሪዎች ይመገባሉ። ጎብኚዎችም ይገቡበታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራችው ትንሿ ጸሎት ቤት ብቻዋን ጉዞው የሚገባት ናት።

ዩኔስኮ በ1986 ሁለቱን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ ትክክልም አድርጓል። ካቴድራሉ ብቻውን ሲታይ የእምነት ሥራ፣ ግንቡም ብቻውን ሲታይ የጦር ሥራ ይመስላል። የኖርማኖችን አገዛዝ የሚረዳው ግን ሁለቱንም ያየ ነው። ስለዚህ ደርሃም የምትሄዱ ሁሉ ሜዳውን ሳትሻገሩ አትመለሱ።