ለፊዚክስ ሪሰርች የቱን ኤክስፔሪመንት እንምረጥ? ክርና ጓጉንቸር ሊበቃ ይችላል

በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ነው፦ "የፊዚክስ የምርምር ጽሑፍ ልሠራ ነው፣ የቱን ኤክስፔሪመንት ልምረጥ?" አንዳንዶቹ ጠያቂዎች በአይቢ ፕሮግራም የሚማሩ ናቸው፤ እስከ 4,000 ቃል ይጽፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ትምህርት ቤታቸው ፕሮጀክት ያዘዛቸው ናቸው። ይዘውት የሚመጡት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ነው፦ ሶላር ፓኔል፣ ድሮን፣ ሽቦ አልባ ቻርጀር።

እኛ የምንለው፣ ከዕቃው በፊት ጥያቄውን ምረጡ ነው። በእጃችሁ የምትቀይሩት አንድ ነገር፣ በቁጥር የምትለኩት አንድ ነገር ይኑረው። ደግሞ (ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል) የምትፈልጉት ለውጥ ከመለኪያችሁ ስህተት መብለጥ አለበት።

ፔንዱለምን እንውሰድ። ክር ላይ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ማወዛወዝ ነው። ከመንጠልጠያው እስከ ጓጉንቸሩ መሐል 1 ሜትር ከሆነ፣ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህ ተነስቶ የመሬት ስበትን ማስላት ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስላለችና ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ፣ ስበቱ 9.8 ሳይሆን ወደ 9.77 ይጠጋል። "ይሄን በክር ለካሁት" ማለት ያጓጓል አይደል? ችግሩ፣ ልዩነቱ 0.3 በመቶ ብቻ ነው። የክሩን ርዝመት በ3 ሚሊሜትር ከሳታችሁ አለቀ፣ ጠፋ።

በዚያው ክርና ጓጉንቸር ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ የመጽሐፉ ቀመር እስከ ስንት ዲግሪ ድረስ ይሠራል? ክፍል ውስጥ "ለትንሽ አንግል" ተብሎ ይታለፋል፤ ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም። በቲዎሪው መሠረት ከ10 ዲግሪ ስትለቁት ጊዜው የሚጨምረው 0.2 በመቶ ገደማ ነው። በ30 ዲግሪ 1.7 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ ግን ከ7 በመቶ በላይ! ይሄኛው በስልክ ስቶፕዎችም ይያዛል።

ጨዋታው ያለው አለካኩ ላይ ነው። ጣታችን ስቶፕዎች ሲነካ 0.2 ሰከንድ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። አንድ ዙር ብቻ ከለካችሁ ስህተቱ 10 በመቶ ሆነ፤ የ60 ዲግሪውን ለውጥ እንኳ ይውጠዋል። 20 ዙር ብትቆጥሩ ወደ ግማሽ በመቶ ይወርዳል፤ ግን በአየር ፍሪክሽን አንግሉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ 60 ብላችሁ የጀመራችሁት 60 ሆኖ አይጨርስም። ስለዚህ 5 ዙር ለክቶ እንደገና ከ60 መልቀቅ፣ ይህንንም አሥር ጊዜ መድገም ይሻላል። አትግፉት፣ ልቀቁት ብቻ። ካልሆነ በስሎው ሞሽን ቅረጹት፤ ወይም ከጀርመኑ አኽን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ፋይፎክስ የተባለ ነጻ አፕ ጫኑ፤ የስልካችሁን ሴንሰሮች መለኪያ ያደርጋቸዋል። (ስልኩን ራሱን አንጠልጥሎ ማወዛወዝም ይቻላል። ከወደቀ ግን እኛ የለንበትም።)

ቁጥራችሁ ከቲዎሪው ካልገጠመ እንዲገጥም ብላችሁ አትደልዙት። ክሩ ተለጥጦ ይሆን? ጓጉንቸሩ ቀጥ ብሎ በመወዛወዝ ፈንታ እየዞረ ይሆን? የጽሑፋችሁ ምርጥ ገጽ ከዚያ ሊወጣ ይችላል።

ከ220 ቮልት መስመር ጋር የሚያነካካ ሐሳብ ካላችሁ ግን ተዉት። ርዕሱንም ለመምህራችሁ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ምሽት ቤት ሞክሩት፤ አምስት አንግል ለክታችሁ ግራፉ ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ጥያቄውን ለመቀየር ገና ጊዜ አላችሁ።