ፓላዲዮ (ሶፍትዌር)

ፓላዲዮ የታሪክ መረጃን በካርታ፣ በግንኙነት መረብና በሠንጠረዥ የሚያሳይ፣ በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ነፃ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተመራማሪዎችና የንድፍ ባለሙያዎች አብረው ሠሩት።

መነሻው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ጆን ሎክ፣ ቮልቴርና ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያሉ ሊቃውንት የተለዋወጧቸውን ደብዳቤዎች ያጠና ፕሮጀክት ነው። የየደብዳቤው ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀንና ቦታ ተመዝግቦ በካርታ ላይ ሲሰፍር ያልተጠበቁ ጥያቄዎች ተነሡ። ቮልቴር ከ1726 እስከ 1728 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኖሯል፤ ስለ እንግሊዞችም መጽሐፍ ጽፏል። በካርታው ላይ ግን ከእንግሊዝ ጋር የተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች ጥቂት ሆነው ታዩ። ቀድሞውንም ብዙ አልተጻጻፈም ወይስ ደብዳቤዎቹ ጠፍተዋል? ካርታው ብቻውን ይህን አይመልስም፤ የሚያሳየው ከጥፋት ተርፎ የተመዘገበውን ነውና።

ለታሪክ ሰዎች የሚሆን መሣሪያ መንደፍ የሚከብደውም በዚሁ ነው። የንግድ ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የተሟላ ነው፤ በአሮጌ ደብዳቤ ላይ ግን ቀኑ ወይም ቦታው ላይኖር ይችላል። ቦታው ያልታወቀ ደብዳቤ ካርታ ላይ አይወጣም፣ አለመውጣቱንም ተመልካቹ ልብ አይልም። በፓላዲዮ ያው መረጃ በተለያየ መልክ ስለሚታይ፣ ከካርታው የቀረው ደብዳቤ ላኪና ተቀባዩ እስከታወቁ ድረስ በግንኙነት መረቡ ውስጥ ይገኛል።