ለወጥ ቤታችን የሚስማማው የውኃ ማጣሪያ የትኛው ነው?

ንጹሕ ውኃ ለጤና ዋና ነገር መሆኑን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ይሁን እንጂ ለወጥ ቤት የሚሆን ማጣሪያ ሊገዛ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎም መልኩን ያያል። ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን «የምንጠጣው ውኃ ሕመሙ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሐኪም በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፥ የውኃው ጉድለት ሳይታወቅ ማጣሪያ መግዛት ገንዘብን ከማባከኑም በላይ ቤተ ሰቡን ያለ ስጋት መጥፎ ውኃ ያስጠጣዋል።

በመጀመሪያ የአዲስ አበባን ውኃ እንመልከት። ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ከተማው ይላካል። ችግሩ የሚጀምረው በመንገድ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲውል በውስጡ የነበረው ግፊት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ በተሰነጠቀው ቦታ በኩል በዙሪያው ያለው እድፍ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያም ውኃው በጀሪካንና በሮቶ ብዙ ቀን ሲቀመጥ ክሎሪኑ እያለቀ ይሄዳል። እንግዲህ የዚህ ውኃ ሕመም ጭቃና ጀርም ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ውኃ የሚስማማው ሁለት ዕቃ ተደራርቦ የተሠራው፥ በላይኛው ውስጥ ከቅርጹ የተነሣ ሻማ የሚባል ነጭ የሸክላ ማጣሪያ ያለበት ነው። ኤሌክትሪክም የቧንቧ ግፊትም አይፈልግም። ውኃው በሸክላው እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ጭቃውና ባክቴሪያው በውጭ ይቀራል። ሆኖም ሁሉም ነገር ይቀራል ማለት አይደለም። የፓስተር የሥራ ባልደረባ የነበረው ሻርል ሻምበርላን በ1884 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያን የሚያግድ የሸክላ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር፤ በ1892 እ.ኤ.አ. ግን ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በእንዲህ ያለ ማጣሪያ ቢያሳልፈው፥ ጭማቂው ከተጣራም በኋላ በሽታውን ሲያስተላልፍ አገኘው። ቫይረስ ወደ መታወቅ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ሲኖር የተጣራውን ውኃ ደግሞ ማፍላት፥ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለውን የክሎሪን መድኃኒት በመመሪያው መሠረት መጨመር ይገባል።

በዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚገጠሙትና ዋጋቸው ከፍ ያለው ማጣሪያዎች የማያቋርጥ ግፊት ይፈልጋሉ። ከእነርሱም ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ከሚገባበት ውኃ ብዙውን ወደ ፍሳሽ ይሰዳል፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚያገኝ ቤት ይህ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የከሰል ማጣሪያ ብቻውን ሽታንና የክሎሪንን ጣዕም ያጠፋል እንጂ ጀርምን አስተማማኝ ሆኖ አያግድም።

አሁን ደግሞ ወደ ስምጥ ሸለቆ እንውረድ። በወንጂ፥ በመቂና በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ከብዙ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ መስተዋት መስሎ የጠራ ነው፤ ሕመሙም ከዓይን የተሰወረ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በአንድ ሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ ከዚህ አብልጦ የያዘ ውኃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዛቱ እጅግ ከፍ ያለ እንደ ሆነም ከብዙ ዓመት በኋላ አጥንትን ይጎዳል። ከዚያ አገር የመጡ ጓደኞቻችን «ጥርሳቸውን አይፍቁም» እየተባሉ መታማታቸው ፍጹም ስሕተት ነው፤ ቀለሙ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ የገባ ስለ ሆነ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። የሸክላው ሻማ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ፍሎራይድ ሊይዘው አይችልም። ማፍላትማ ይባስ ያከፋዋል፤ እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ በድስቱ ይቀራልና። እዚያ የሚያስፈልገው በከፍተኛ ሙቀት ከሰል የሆነ የከብት አጥንት ያለበት ማጣሪያ፥ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። የጉድጓዱን መጠን ግን ምላስ ስለማይለየው በላቦራቶሪ ማስመርመር ግድ ነው።

ወደ ሻማው ማጣሪያ ተመልሰን የአገጣጠሙን ነገር እንናገር። በመጀመሪያ ዕቃዎቹን ማጠብና ሻማውን በንጹሕ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ቀጥሎ አንዱን ጎሚኒ ከሻማው ሥር፥ ሁለተኛውን ከዕቃው በታች አድርገን ዳዶውን በእጃችን እናጠብቀዋለን፤ በፒንሳ ቢጠብቅ ሻማው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የላይኛውን ዕቃ ብቻ በሁለት ወንበር መካከል አስቀምጠን ውኃ እንሞላበትና ከሥሩ እናያለን። ውኃው በሻማው ጫፍ ብቻ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ በዳዶው ዙሪያ እርጥበት ከታየ ግን ያልተጣራ ውኃ እየሾለከ ነውና ጎሚኒውን ማስተካከል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሙሌት አይጠጣም፤ ይደፋል። ማጣሪያው ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፥ ከሩቢኔቱ ሥር ብርጭቆ በሚያስገባ ከፍታ ላይ ይቀመጥ። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ ይጥለል፤ አለዚያ ሻማው ቶሎ ይደፈናል። ጠብታው ሲቀንስ ሻማውን ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ መፈግፈግ ነው። በየጊዜው ሲፈገፈግ እየቀጠነ ስለሚሄድ፥ በጣም የሳሳ ወይም የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ የታየበት ሻማ፥ ውኃው የቱንም ያህል የጠራ ቢመስል በአዲስ ይለወጣል።