የመድኃኒትን ቀኝና ግራ የለዩት ኬሚስት

አንድ መድኃኒት በሽተኛውን መፈወሱ ወይም ያለ ጥቅም በሰውነቱ ውስጥ ማለፉ አንዳንድ ጊዜ የሚወሰነው በሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቡልጋሪያ ተብሎ በሚጠራው አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤትም ሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች በርካታዎቹ ይህ ባሕርይ አላቸው።

አንድ የካርቦን አተም ከአራት የተለያዩ ክፍሎች ጋር ሲያያዝ ሞለኪውሉ በሁለት መልክ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱ መልኮች እንደ ቀኝና ግራ እጅ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገጥምም። የሰው አካልም ከእነዚህ የአንደኛው ወገን በሆኑ ሞለኪውሎች የተገነባ በመሆኑ የቀኝ እግር ጫማ ለግራ እግር እንደማይሆን ሁሉ ሁለቱን መልኮች ለይቶ ያስተናግዳል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1848 ሁለቱን ዓይነት ክሪስታሎች በእጃቸው ለቅመው ለይተዋል። ይሁንና በቤተ ሙከራ የሚሠራ ውህድ በአብዛኛው ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ሆኖ ይወጣ ስለነበር የማይፈለገውን መለየት ከፍተኛ ወጪ ያስከትላል። ከመጀመሪያው የሚፈለገውን መልክ ብቻ ለመሥራት የሚያስችለው ዘዴ አሲሜትሪክ ሲንተሲስ ይባላል።

ለዚህ ዘዴ መሠረት ከጣሉት መካከል አሜሪካዊው ዶክተር ዊልያም ኖውልስ አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 በማሳቹሴትስ የተወለዱት ኖውልስ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1942 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። የምርምር ዘመናቸውን ያሳለፉት ግን በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የሞንሳንቶ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነበር።

ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሮዲየም የተባለውን ብረት አንድ ወገን ብቻ ካለው የፎስፈረስ ውህድ ጋር በማጣመር አጸግብሮትን የሚያፋጥን ካታሊስት አዘጋጁ። የመጀመሪያው ውጤት ለሚፈለገው መልክ የሰጠው ብልጫ 15 በመቶ ብቻ በመሆኑ ለኢንዱስትሪ የሚበቃ አልነበረም። የሥራው ፋይዳ መንገዱ የሚቻል መሆኑን ማሳየቱ ላይ ነበር።

ኖውልስና ባልደረቦቻቸው ካታሊስቱን ደረጃ በደረጃ አሻሽለው ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠውን ሌቮዶፓን ለማምረት አዋሉት። የዚህ መድኃኒት ጠቃሚ መልክ አንዱ ብቻ ሲሆን ሌላኛው ጎጂ ነው። ዲፓምፕ የተባለው ውህድ ሥራ ላይ ሲውል ከምርቱ 97.5 በመቶ የሚሆነው የሚፈለገው መልክ ሆኖ ተገኝቷል። ጥቂት ካታሊስት ብዙ ምርት ስለሚያስገኝም ወጪው ቀንሷል።

ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1986 ጡረታ የወጡ ሲሆን ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ84 ዓመታቸው፣ የ2001 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከጃፓናዊው ሪዮጂ ኖዮሪና ከአሜሪካዊው ባሪ ሻርፕለስ ጋር ተጋርተዋል። ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ብረት ሳያስፈልግ በአነስተኛ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ተመሳሳይ ውጤት ያገኙት ቤንጃሚን ሊስትና ዴቪድ ማክሚላን የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ እንዶድ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ማረጋገጣቸው ይታወሳል። በሰው አካል ውስጥ ያለውን ትል የሚገድለው ዋነኛ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ደግሞ የሁለቱ መልኮች ድብልቅ ነው። ትሉን የሚያጠፋው አንደኛው በመሆኑ ከ600 ሚሊግራም እንክብል ውስጥ በሥራ ላይ የሚውለው 300 ሚሊግራም ያህሉ ነው። ቀሪው ግማሽ ለመድኃኒቱ መራራነት ዋነኛ ምክንያት ከመሆኑም በላይ እንክብሉን ያገዝፈዋል። በዚህም ምክንያት ሕፃናት መድኃኒቱን ለመዋጥ ይቸገራሉ።

ይህን ችግር ለማቃለል ጠቃሚው መልክ ብቻ ያለበት፣ በውኃ የሚሟሟ አርፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ተዘጋጅቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አዎንታዊ አስተያየት የሰጠበት ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ቅድመ ብቃቱን አረጋግጧል።

መድኃኒት በተቋቋመ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚያገለግለው ሌቮፍሎክሳሲንም ኦፍሎክሳሲን ከተባለው ድብልቅ ተለይቶ የወጣ አንድ ወገን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ አምራቾች የእያንዳንዱን መልክ ጠባይ ለይተው እንዲያጠኑ አሳስቧል።

በመሆኑም በመድኃኒት ምዝገባ፣ ግዥና ቁጥጥር ለተሰማሩ ባለሙያዎች የሞለኪውል ቀኝና ግራ ጉዳይ በቤተ ሙከራ ብቻ የሚቀር አይደለም። የሚገዛው ሚሊግራም ምን ያህሉ በሽተኛውን እንደሚያድን የሚወስን ነውና።